ዱባ ለማየት ትኬት ቆረጥን

ወገን፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እርሻ ለመግባት ትኬት መቁረጥ የተጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? ሙዚየም አይደለም። ስታዲየም አይደለም። የዱባ ማሳ ነው። ማሳ ልበለው እንጂ እኔ ሐረግ የሚባል ነገር አላየሁም። ዱባው ሌላ ቦታ በቅሎ፣ በመኪና ተጭኖ መጥቶ ሣር ላይ ተደርድሯል። እኛ ደግሞ ከፍለን ገብተን "የለቀምን" እንመስላለን።

ኦክቶበር ሲገባ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሐበሾች ሁላችንንም አንድ በሽታ ይይዘናል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሰምተው ይመጣሉ። ባለቤቴ የጓደኛዋን ልጆች ዱባ ላይ ተቀምጠው ፌስቡክ ላይ ታያለች። በቃ፣ ቅዳሜህ ሄደ። ለእኔ ቢጤ ሾፌር ደግሞ ቅዳሜ ማለት የቤት ኪራይ ነው። የኤርፖርቱን ሥራ ትቼ፣ ሁለት ሰባ የሚሉትን አውራ ጎዳና ይዤ ወደ ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ አቅጣጫ። ሰው ሁሉ ወደዚያው ነው። መኪናው አይንቀሳቀስም። ከኋላ "ደረስን?" ይሉኛል።

ትኬቱ ቀድሞ ኦንላይን ይገዛል፤ መግቢያ ሰዓት አለው። ለአንድ ሰው ከ20 ዶላር በላይ። ትንሿ ልጄ ከወገብ በታች ናት፣ ግን እንደ ሰው ተቆጥራ ትከፍላለች። እናቴ ሽማግሌ ናት፣ የአዛውንት ቅናሽ ግን ቅዳሜና እሁድ አይሠራም። በላዩ "የአገልግሎት" የሚሉት ክፍያ። ምን እንዳገለገሉኝ እስካሁን አልገባኝም፤ ካርዴን የመታሁት እኔው ነኝ። እንግዲህ አምስት ሰው ነን፣ አስሉት። ይህ ሁሉ ሆኖ ዱባው ትኬቱ ውስጥ የለም። ዱባ ከፈለግህ መውጫው ላይ በፓውንድ ይመዘንልሃል። እኛ ሰፈር ግሮሰሪ በር ላይ ያውና ተመሳሳዩ ዱባ በግማሽ ዋጋ ተከምሯል። ትኬት የለው፣ ጭቃ የለው።

ጉዱ ያለው ግን እናቴ ላይ ነው። ዘንድሮ ልትጠይቀን መጥታለች። ያደገችው ደብረ ማርቆስ አካባቢ ገጠር ነው። ትራክተር የሚጎትተው ተሳቢ ላይ ጭድ ተነጥፎ፣ ሰው ወረፋ ይዞ እየተሳፈረ ማሳውን ሲዞር አየች። "ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ። "መዝናኛ ነው እማዬ" አልኳት። "ጭድ ላይ መቀመጥ?" አለች። ልጅነቷን አውድማ ላይ ያሳለፈችን ሴት ጭድ ላይ ላስቀምጣት 20 ዶላር ከፍዬባታለሁ። ቀሚሷን እያራገፈች ነው የወረደችው።

የበቆሎው ደግሞ ባሰ። በቆሎ ማሳ ውስጥ መንገድ አጠማዘው ሠርተዋል፤ ሥራህ መጥፋት ነው። ከፍለህ ትጠፋለህ። እሷ ደስ ብሏት ገባች፤ በቆሎ ስታይ እሸት ነው የታያት። ለልጆቹ እያወራች ገባች፣ በክረምት ከሰል ላይ እንደሚጠበስ፣ መንገድ ዳር እንደሚሸጥ። ከዚያ እጇን ሰደደች። የደረቀ የከብት በቆሎ ነው፣ ጥርስ የሚሰብር። እሱንም ቢሆን ቢጫ ካኒቴራ የለበሰ ጎረምሳ ሮጦ መጣና "እባክዎ በቆሎውን አይንኩ" አለ። "ለምን ዘሩት ታዲያ?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ፍየሎችም አሉ። ማሽን ውስጥ ሳንቲም ከትተህ እፍኝ የማትሞላ መኖ ይሰጥሃል። ፍየሎቹ ከጠዋት ጀምሮ ሕፃን ሁሉ ሲያጎርሳቸው ውሎ ጠግበዋል፤ ፊታቸውን አዙረዋል። ልጄ አለቀሰች። እናቴ ደግሞ የአንዱን ሽንጥ በዓይኗ መዝና "ይሄ ሙክት ስንት ይላል?" አለች። ትልቁ ልጄ "አያቴ፣ ፔት ናቸው!" ብሎ ሊሞት።

ፎቶውን አልረሳሁትም። ቀኑ ሞቆ ነበር፣ ላብ በላብ ነን። ግን መጸው ስለሆነ ሹራብና ቦት ግዴታ ነው፤ ሁላችንም ቡኒና ብርቱካንማ። ዱባ ቁልል ፊት ለፊት ወረፋ አለ። "ፈገግ በል እንጂ አንተ፣ የተቀማህ ነው የምትመስለው" ትለኛለች ባለቤቴ። የተቀማሁ ነኛ!

ምግቡን ደግሞ ስሙ። ኦክቶበር ማለት ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ የዱባው ወቅት አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። የፈቃድ ጾም ነው፣ እኔ አልይዘውም፤ እናቴ ግን ዘልላው አታውቅም። ያለው ምንድን ነው? ዶናት፣ ወተትና እንቁላል። ሆት ዶግ። ቺዝ የፈሰሰበት ምናምን። የተረፋት የድንች ጥብስ ብቻ። ከውጭ ምግብ ማስገባት ደግሞ በር ላይ በትልቁ ተከልክሏል።

ገበሬውን አልፈርድበትም። ዱባ ሸጦ የሚያገኘው ከትኬቱ አይደርስም፤ ገቢው ያለው በጥቂት ቅዳሜና እሁዶች ላይ ነው፣ በአንዱ ዝናብ ከጣለ ከሰረ። ይሥራ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ከፍለን፣ ተሸክመን ያመጣነው ዱባ አይበላም።

እናቴ መቼ ይህን አወቀች። ማታውኑ ዱባ ወጥ ልሥራላችሁ ብላ ተነሳች። ሽንኩርቱ በደንብ ተቁላላ፣ ከአገር ይዛው የመጣችው በርበሬ ገባ፣ ዘይቱ ወጣ፣ ቤቱ አወደ። ከዚያ ዱባው ገባና ውኃ ሆነ። ሥጋው ክር ክር ይላል፣ ጣፋጭነት የለው፣ መወፈር የለው። ቅመሟ አንጀቷን በላት።

በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። በሃሎዊን፣ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ በሚከበረው በዓል፣ የሚቀረጸው ሃውደን የሚሉት ዱባ የተዳቀለው ለመልኩ ነው። ማሳቹሴትስ የነበሩ ጆን ሃውደን የሚባሉ ገበሬ ናቸው ያወጡት፤ ክብ እንዲሆን፣ እጀታው እንዲወፍር፣ ሳይጎብጥ እንዲቆም። ለድስት አልታሰበም። አሜሪካኖች ራሳቸው ለፓይ የሚጠቀሙት የቆርቆሮ ዱባ ሌላ ዘር ነው፤ ገርጣ ያለ ቡኒ፣ አብዛኛው ኢሊኖይ የሚበቅል። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንላለን፤ እዚህ አገር ዱባና ዱባም ለየቅል ነው።

የሚገርመው፣ ዱባ የዚሁ አህጉር ልጅ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ሰው ማልማት የጀመረው የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ ነው፣ ሊበላው። እኛ ጋ የደረሰውም ባሕር ተሻግሮ ነው። እኛ ወጥ ሠራንበት፣ ፍሬውን ቆልተን ቡና ላይ አቀረብን። እነሱ ዓይንና ጥርስ አወጡለት፣ ሻማ ከተቱበት። ያ ልማድ ደግሞ ከአየርላንድ የመጣ ነው፤ አየርላንዶቹ አገራቸው እያሉ የሚቀርጹት ዱባ ሳይሆን የሥር አትክልት ነበር። ኖቬምበር ሲመጣ ዱባው በየበሩ ቁጭ ብሎ ይበሰብሳል፣ ከዚያ ቆሻሻ ገንዳ። የእኛን ስኩዊረሎቹ ጀምረውታል።

የዳነው ፍሬው ብቻ ነው። እናቴ አጥባ፣ አድርቃ፣ ጨው ነስንሳ ቆላችው።

እንግዲህ ዘንድሮ ለምትሄዱ። ወጥ የሚሆን ዱባ ከፈለጋችሁ ላቲኖ ሱቅ ግቡና ካላባሳ በሉ፤ ቆርጠው ይሸጡላችኋል፣ ውስጡን አይታችሁ ነው የምትገዙት። የኮሪያ ሱቅ ያለው ትንሹ አረንጓዴም ይሆናል። ለፎቶው የግሮሰሪው በር ይበቃል፣ ማንም አይለየውም። እናት ይዛችሁ የምትሄዱ ደግሞ ሽሮ ፍርፍር ቋጥራችሁ መኪና ውስጥ ተዉት። ስትወጡ እጃችሁ ላይ ማኅተም አስመቱ፣ ያለዚያ ለመመለስ እንደገና ትኬት ነው።