«ሻጩ ያውቀዋል» ብሎ መልስ የለም

ሰሞኑን በአንድ የዲጂታል ባንክ ውይይት ላይ አንድ የአይቲ ኃላፊ የተናገሩት ነገር እስካሁን ያበግነኛል። ጥያቄው ቀላል ነበር። በብዙ ሰርቨር ላይ ተበታትነው የሚሠሩትን ሲስተሞቻችንን ውስጣቸውን የሚፈትሽ የጥናት ቡድን ለምን አይኖረንም? ኃላፊው ፈገግ አሉ። እኛ ገዝተን ነው የምንጠቀመው፣ ውስጡን ሻጩ ያውቀዋል፣ ጥናት የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው አሉ። ተጨበጨበላቸው።

ቆይ፣ የትኛው ሻጭ ነው የሚያውቀው?

በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2021 የሆነውን እናስታውስ። ሎግፎርጄይ የሚባል ላይብረሪ አለ፤ በጃቫ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገባ ዝግጁ ኮድ ማለት ነው። ሥራው ተራ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ የሆነውን ይመዘግባል። ማን ገባ፣ ምን ጻፈ፣ የቱ ጋ ተበላሸ። ትልልቅ የጃቫ ሲስተሞች ውስጥ የማይገኝበት ቦታ ጥቂት ነው። ታዲያ ይሄ መዝጋቢ አንድ ጉድ ነበረበት። ከሚመዘግበው ጽሑፍ ውስጥ የተለየ ምልክት ካገኘ ጽሑፉን እንደ ትዕዛዝ ይቆጥረዋል። ጽሑፉ ላይ ወዳለው አድራሻ ይሄዳል፣ ከማያውቀው ሰርቨር ኦብጀክት (ዳታና ኮድ የያዘ የፕሮግራም ቁራጭ) ያመጣል፣ አምጥቶም እቤቱ ያስነሳዋል። ማይንክራፍት የተባለው ጌም ላይ ቻት ሳጥኑ ውስጥ አንድ መስመር መጻፍ ሰርቨሩን ለመያዝ ይበቃ ነበር። የአደጋው መጠን ከ10 ስንት ተሰጠው? 10።

ሰው የሚስተው ነገር አለ። ይህ የአንድ ፕሮግራመር የእጅ ስህተት አይደለም። በ2013 ሆን ተብሎ የተጨመረ አገልግሎት ነው። ሐሳቡ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። ሩቅ ያለውን ኦብጀክት እዚሁ አጠገባችን እንዳለ አድርገን እንጠቀም የሚለው የ1990ዎቹ ሕልም ነው። በተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያገናኙት ኮርባም፣ ጃቫ አርኤምአይም የዚያ ሕልም ልጆች ናቸው። በ1994 በኋላ ጃቫን ያወጣው የሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ ተመራማሪዎች ይህ ነገር አያዋጣም ብለው ጽፈዋል። ሩቅ ያለው ይዘገያል፣ ግማሹ ወድቆ ግማሹ ሊሠራ ይችላል፣ ስለዚህ ሩቁንና ቅርቡን አንድ አድርጋችሁ አትዩ አሉ። እነሱ እንኳ ያኔ ያሳሰባቸው ብልሽቱ እንጂ ሌባው አልነበረም።

ሌባው በፈረንጆቹ 2016 መጣ። ማለቴ፣ ሌባው የሚገባበትን መንገድ ተመራማሪዎች አሳዩ። ላስ ቬጋስ ላይ በተካሄደው ብላክ ሃት በተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ጉባኤ ሁለት ተመራማሪዎች ያንኑ ኦብጀክት የማምጫ መንገድ ይዘው ሰርቨር እንዴት እንደሚያዝ በዝርዝር አቀረቡ። በአደባባይ! ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት አለፈ። ያ መንገድ ሎግፎርጄይ ውስጥ እንዳለ ቁጭ ብሎ ነበር። ያ ሁሉ ሻጭ የት ነበር? ሲስኮ፣ አይቢኤም፣ ቪኤምዌር፣ ከእነሱ በላይ ሻጭ ከየት ይመጣል? እነሱም ጉዱ ሲወጣ የራሳቸውን ምርት አንድ በአንድ እየፈተሹ ይሄኛው አለበት፣ ያኛው ገና እየታየ ነው እያሉ መግለጫ ያወጡ ነበር። የሸጡት ሶፍትዌር ውስጥ ምን እንዳለ ከገዢው እኩል የሚፈልግ ሻጭ ነው እንግዲህ የሚያውቅልን። የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው ገምጋሚ ቦርድ በ2022 ባወጣው ሪፖርት ይህ ችግር ምናልባት ለአሥር ዓመትና ከዚያም በላይ አብሮን ይቆያል ብሏል።

እኛ ጋ ስንመጣ፣ በራሳችን አቆጣጠር መጋቢት 2016 ዓ.ም. ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ከኤቲኤም ሲያወጡ አደሩ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። እሺ፣ አይደለም። ግን ይህ እንዴት ማጽናኛ ይሆናል? ሌባ ሳይገባ ነው እኮ ገንዘቡ የወጣው! ወሬው ሁሉ ገንዘቡን ስላወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆነ። ገንዘብ ያልመለሱት ሰዎች ፎቶ ተለጠፈ። ገንዘቡን የሚቆጥረውና ገንዘቡን የሚሰጠው ማሽን በምን ምክንያት ሳይነጋገሩ አደሩ የሚለው ግን የማንም አጀንዳ አልሆነም። ለእኔ ጉዳዩ እሱ ነበር፣ አሁንም እሱ ነው።

ጥናት ሁሉ ይጠቅማል አልልም። ለደረጃ እድገት ተጽፎ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ወረቀት ሞልቷል። እሱን ሌላ ቀን እንጣላበታለን። የሲስተምን ውስጥ መፈተሽ ግን ቅንጦት ነው የሚለኝ ሰው፣ ቤት ገዝቶ ስንት በር እንዳለው ሳያይ የሚተኛ ሰው ነው።

ገንዘብ የለም ይሉ ይሆናል። ለሶፍትዌር ፈቃድ በዶላር ሲከፈል ግን የለም አይባልም። ከዚያ ላይ ተቀንሶ አምስት ወጣት መሐንዲስ ይቀጠር። የጨረታ ሰነዱ ላይም አንድ አንቀጽ ይግባ። ሻጩ ሶፍትዌሩ ውስጥ ያሉትን ላይብረሪዎች በሙሉ፣ ከነስሪት (ቨርዥን) ቁጥራቸው ዘርዝሮ ያስረክብ። አሜሪካኖቹ ለመንግሥት ሶፍትዌር ይህንን ዝርዝር ወደ መጠየቅ የሄዱት በፈረንጆቹ 2021 ነው። አልሰጥም ያለ ሻጭ ከጨረታው ይውጣ።

ለኃላፊው አንድ ጥያቄ አለችኝ። ባንክዎ ውስጥ ሎግፎርጄይ ስንት ሰርቨር ላይ ተጭኗል? ስሪቱስ ስንት ነው? ለሻጩ ሳይደውሉ ይመልሱልኝ።