ለጀማሪ ፎቶ አንሺ፦ አዲስ ካሜራ ወይስ ያገለገለ ከጥሩ ሌንስ ጋር?

መከራከሪያው ይህ ነው። ፎቶ ማንሳት ሊማር የተነሣና ገንዘቡ ለአንድ ካሜራ ብቻ የሚበቃው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ካኖን 2000ዲ ከነ18-55 ሚሊ ሜትር ሌንሱ አዲስ ይግዛ? ወይስ በ2013 የወጣውን 70ዲ ያገለገለ፣ ከ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ጋር? (ሚሊ ሜትሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል፣ ሲበዛ ያቀርባል፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ብዙ ብርሃን ያስገባል።)

አዲስ ይግዛ

ጀማሪ ካሜራ ፈትሾ መግዛት አይችልም። ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ቢኖር፣ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ቢጫጫር በምን ያውቃል? የ70ዲ ሹተር፣ ማለትም ለብርሃን የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ፣ የተሠራው 100,000 ጊዜ ያህል እንዲተኩስ ነው። ሻጩ ለዓመታት ሠርግ ሲያነሣበት ከኖረ እዚያ ደርሶ ይሆናል፤ ቁጥሩ ደግሞ ከፎቶው ፋይል ላይ አይነበብም። 2000ዲ 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ቀላል ነው፣ ዋስትና አለው። ሰውየው መማር እንጂ ጥገና ቤት መመላለስ አልፈለገም።

ያገለገለ ይሻለዋል

ወንድሜ፣ ስጋትህ ተገቢ ነው፤ ግን መፈተሽ ይቻላል። አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ ኤፍ 16 ላይ አድርጎ ነጭ ግድግዳ ያንሳ፤ ሴንሰሩ ላይ ያለው ነጠብጣብ ሁሉ ይወጣል። የስልኩን ባትሪ በሌንሱ ውስጥ ያብራ፤ ሻጋታው ይታያል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ካሜራው የሚያስተምረው ነገር ነው። 2000ዲ ያለው አንድ ማስተካከያ መዘውር ብቻ ነው። በማኑዋል፣ ማለትም ሁሉንም ራሱ እያስተካከለ፣ ሲሠራ አፐርቸር ለመቀየር አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይዞ መዘውሩን ማዞር አለበት። ይህ የሚሰለቸው ጀማሪ ብዙ ነው፤ ወደ አውቶ ይመለሳል፣ እዚያው ይቀራል። 70ዲ ላይ አፐርቸሩ ለብቻው፣ የሹተሩ ፍጥነት ለብቻው መዘውር አላቸው።

ብርሃኑንስ? ሌሊት ማኅሌት ላይ፣ በጧፍ ብርሃን፣ ፍላሽ መተኮስ ነውር በሆነበት ቦታ አስበው። 18-55ቱ ፊት ለማቅረብ እስከ 55 ሲሳብ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ኤፍ 1.8 ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በአንዱ 1/10 ሰከንድ የሚፈልገው ፎቶ በሌላው 1/100 ይበቃዋል። በ1/10 የሚወዛወዝ መዘምር ደብዝዞ ይቀራል።

አዲስ ይግዛ

እህቴ፣ ማኅሌቱን ተቀብያለሁ። ግን የእነዚህ ካሜራዎች ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ 50ው እንደ 80 ሚሊ ሜትር ያጠብባል። ሳሎን ውስጥ ቡና የተሰበሰበ ቤተሰብን በምን ያነሣል? ጀርባው ግድግዳ ነው። 18-55ቱ በ18 ላይ ሁሉንም ያስገባል፣ እዚያ ደግሞ ኤፍ 3.5 ነው። ጥሩውን ሌንስ ቆይቶ ይገዛል፤ 2000ዲም ይቀበለዋል።

ያገለገለ ይሻለዋል

ስለ ሳሎኑ ልክ ነህ። ለቤት የሚያነሣ ከሆነ ከ50ው ይልቅ የካኖንን 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ይውሰድ፤ በእነዚህ ካሜራዎች ላይ እይታው ወደ 38 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ ኪስ ይገባል። «ቆይቶ ይገዛል» ባልከው ግን አልስማማም። የመጀመሪያው ዓመት ነው ሰው ብርሃን ማየት የሚማርበት፤ ያኔ በእጁ ያለው ሌንስ ጨለማ ከሆነ ጥፋቱን የራሱ አድርጎ ይወስድና ካሜራውን ያስቀምጠዋል።