የሪፍ ዓሣን ዘር በእናት በኩል ብቻ መቁጠር ይበቃል?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የኮራል ሪፍ ዓሦችን ዝምድና ለማወቅ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ (ለሴል ኃይል በሚያመነጨው ክፍል ውስጥ ያለው፣ ከእናት የሚወረሰው ዲኤንኤ) ብቻውን ይበቃል ወይስ አይበቃም?

ደጋፊ፦ እኔ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ለአብዛኛው ሥራ። ይህ ዲኤንኤ 16,500 ገደማ የዲኤንኤ ፊደልና 37 ጂኖች ያሉት ትንሽ ቀለበት ነው። ከእናት ወደ ልጅ ሳይደባለቅ ይወርዳል። በአንድ ሴል ውስጥ ብዙ ቅጂ ስላለው ከተጎዳ ናሙና እንኳ ይገኛል። ፓናማን ተመልከቺ። የዛሬ 3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሬቱ ተዘግቶ ካሪቢያንን ከፓስፊክ ሲለይ፣ የብዙ ዝርያ ዓሦች ገሚሱ ወዲህ ገሚሱ ወዲያ ቀረ፤ ማይቶኮንድሪያ በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ የተገመተውም የእነዚህን ዘመዳሞች ልዩነት በመለካት ነው። ባሕር ላይ የሚንሳፈፈው እጭስ (ገና የተፈለፈለው ጥቃቅን ዓሣ)? በዓይን አይለይም። 650 ፊደል ያህል የአንድ ጂን ቁራጭ ስታነቢ ግን የየትኛው ዝርያ ልጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ተቃዋሚ፦ እጩን ተውልኝ ወንድሜ፣ በሱ አልከራከርህም። መታወቂያ ማየትና ዘር መቁጠር ለየቅል ናቸው። ሰባት ቤት ሲቆጠር እኮ በእናትም በአባትም ነው! ደግሞ 37ቱ ጂኖች አብረው ስለሚወረሱ 37 ምስክር አይሆኑም፤ አንድ ምስክር ናቸው።

ሃምሌት የሚባሉትን ትናንሽ የካሪቢያን ሪፍ ዓሦች ውሰድ። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ባለ መስመር። አመሻሽ ላይ ሲጣመሩ አብዛኞቹ የራሳቸውን ቀለም ይመርጣሉ። ማይቶኮንድሪያቸው ግን አይለያቸውም፤ ያው ቅጂ በጥቁሩም በሰማያዊውም ውስጥ ይገኛል። በ2019 የወጣ ጥናት የሦስት ሃምሌት ዝርያዎችን ሙሉ ጂኖም (መላውን ዲኤንኤ) ሲያነብ፣ ልዩነቱ ጥቂት ቦታ ላይ ተሰብስቦ ተገኘ፤ ከቀለምና ከእይታ ጋር የተያያዙ ጂኖች አካባቢ። እነዚህ ጂኖች ያሉት ከእናትም ከአባትም የሚወረሰው ዲኤንኤ በሚገኝበት በሴሉ እምብርት፣ በኒውክሊየስ ውስጥ ነው። ቀለበትህ በምን ዓይኑ ያያቸዋል?

ደጋፊ፦ ይሄማ ለኔ ነው የሚመሰክረው! ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ነው ያልሽው ራስሽ። ማይቶኮንድሪያው "እነዚህ ገና አልተለያዩም" ብሎ ነበር፣ ጂኖሙም በአብዛኛው ያንኑ ደገመ። በዚያ ላይ ከእናት ብቻ ስለሚወርድ የሚወረሰው ቅጂ ብዛት ከኒውክሊየሱ ሩብ ነው፤ ቅጂው ጥቂት የሆነ ደግሞ ቶሎ ስለሚለያይ፣ መለያየት ሲጀመር ቀድሞ የሚያሳየው እሱ ነው።

ተቃዋሚ፦ ሩብ? እሱ ወንድና ሴት ለየብቻ ሲሆኑ ነው። ሃምሌት እያንዳንዱ በአንድ ጊዜ ወንድም ሴትም ነው። ሁሉም እንቁላል ስለሚጥል ሁሉም ያወርሳል፤ ሒሳቡ ግማሽ ይሆናል። (ይህን ሳያዩ ቀመሩን የሚገለብጡ ሰዎች ያበሳጩኛል።) ዋናው ጥያቄ ደግሞ አልተመለሰም፤ ቅጂው የተመሳሰለው ዝርያዎቹ የተለያዩት በቅርቡ ስለሆነ ነው ወይስ እየተዳቀሉ ስለሆነ? አንድ የእናት መስመር ይዘህ ሁለቱን መለየት አትችልም።

ወደ ኋላ ስትርቅማ ይብሳል። በፍጥነት የሚለወጥ ፊደል ደጋግሞ ሲለወጥ የቀድሞው ምልክት ይጠፋል። በቀቀን ዓሦች ላብሪድ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ የተሸጎጡ መሆናቸውን ያሳየው የ2005 ጥናት አራት ጂኖች ነበር የተጠቀመው፤ ሁለቱ ከማይቶኮንድሪያ፣ ሁለቱ ከኒውክሊየስ። ሁለቱ ለምን የተጨመሩ ይመስልሃል?

ደጋፊ፦ ለጥንቱ ዝምድና ኒውክሊየሱ ይጨመር፣ እሺ። ግን ከመቶ ደሴት ናሙና ሰብስቦ በጀቱ ያለቀበት ተማሪ ሙሉ ጂኖም በምን ያንብብ? መጀመሪያ ቀለበቱን ያንብብ፤ ነገሩ ያልገጠመለት ዝርያ ካለ ገንዘቡን እዚያ ላይ ያውጣ።

ተቃዋሚ፦ የገጠመለትስ ቢሆን? ሃምሌቶቹ ላይ ቀለበቱ "አንድ ናቸው" ሲል ምንም ያልገጠመ ነገር አልነበረም። ያጠራጠረው ቀለማቸው ነው።