ልጁን ከጠየቅነው በኋላስ?

እሁድ ማታ የሚጀምር የሆድ ሕመም አለ። ሰኞ ጠዋት ይብሳል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ድራሹ ይጠፋል። ሐኪም ደም ያያል፣ ሰገራ ያያል፣ ምንም አያገኝም። ከዚያ "ትምህርት ጠልቶ ነው" ይባልና ልጁ ቁጣውን ይጠጣል። ሕመሙ ግን ጭንቀት ሊሆን ይችላል። የሚገርመው፣ አማርኛ ይህን ሕመም ድሮም ያውቀዋል። ሆዴ ፈራ፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ ሆድ ባሰኝ እንላለን እኮ። ከልጅ አፍ ሲወጣ ግን ሰበብ ይመስለናል።

ድባቴም (ዲፕሬሽን) ልጅ ላይ መልኩን ይቀይራል። ትልቅ ሰው ይተክዛል፤ ታዳጊ ግን ብዙ ጊዜ ይነጫነጫል፣ በር ያላጋል፣ ትንሹ ነገር ያስቆጣዋል። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያም ልጆችና ታዳጊዎች ላይ ብስጩነት የሐዘንን ቦታ ሊይዝ እንደሚችል ይቀበላል። ቤት ውስጥ ስሙ "ጉርምስና" ነው። አንዳንዴ እውነትም ጉርምስና ነው። በዓይን አይቶ መለየት ግን ይከብዳል፤ ለወላጅም፣ ለአስተማሪም፣ ለሐኪምም።

ስለዚህ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል በአውሮፓውያኑ 2022 ይህንኑ መክሯል። ምልክት ባይታይባቸውም ከ8 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ለጭንቀት፣ ከ12 እስከ 18 ያሉት ደግሞ ለድባቴ ልየታ፣ ማለትም በመጠይቅ ቀድሞ መለየት፣ ይደረግላቸው አለ። ከዚያ ዕድሜ በታች ላሉት በቂ ማስረጃ አላገኘም። እኔ ምክሩን እደግፋለሁ። የምፈራው አፈጻጸሙን ነው።

መጠይቁማ ቀላል ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት ፒኤችኪው-9 የሚባለው 9 ጥያቄዎች አሉት፤ ለታዳጊዎች የተስተካከለ ቅጂም አለው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍህ እንዴት ነበር፣ ምግብ ይበላልሃል ወይ፣ ደስ ይልህ የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይልሃል ወይ ዓይነት ነው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ ድምሩ 10 ከደረሰ ልጁ በባለሙያ ይታይ ይባላል።

"ይታይ" እና "ታሟል" ይለያያሉ። እስቲ እናስላው፤ ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች የያዝኩት ነው። ከ100 ልጆች 10ሩ ድባቴ አለባቸው እንበል። መጠይቁ ከ10ሩ 8ቱን ያገኛል፣ ከ90ዎቹ ጤነኞች ደግሞ 18ቱን በስህተት ይይዛል። ከተያዙት 26 ልጆች አብዛኞቹ ድባቴ የለባቸውም ማለት ነው። ከእያንዳንዳቸው ጋር ቁጭ ብሎ የሚያወራ ባለሙያ ካለ ችግር የለውም። ከሌለ 18 ልጆች ላይ በከንቱ ስም ተለጠፈ፤ 8ቱም ሕመማቸው ተነግሯቸው ሜዳ ላይ ቀሩ።

ዘጠነኛው ጥያቄ ደግሞ ስለ ሞት ነው። ብሞት ይሻለኛል ብለህ ወይም ራስህን ልትጎዳ አስበህ ታውቃለህ ወይ ይላል። ብዙ ወላጅ ይህ ሐሳቡን ልጁ አእምሮ ውስጥ እንዳይከት ይሰጋል። ስጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን በአውሮፓውያኑ 2005 የታተመ አንድ ጥናት ኒው ዮርክ ውስጥ ከ2,000 በላይ ተማሪዎችን አይቶ፣ ስለ ራስን ማጥፋት የተጠየቁት ካልተጠየቁት ይልቅ ሲጨነቁ ወይም ሐሳቡ ሲበዛባቸው አላገኘም። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ልጁ ሐሙስ "አዎ" ብሎ ሞልቶ፣ ወረቀቱ እስከ ማክሰኞ መሳቢያ ውስጥ ቢያድርስ? ያ ልጅ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የተናገረው። መልስ ሳያገኝ አምስት ሌሊት አደረ።

ለዚህ ነው ክፍል ውስጥ ወረቀት በትኖ ሰብስቦ መሄድን የምቃወመው። ጓደኛው አጠገቡ ተቀምጦ እያጮለቀ ማን እውነቱን ይሞላል? እናቱ አጠገቡ ስትቀመጥም ያው ነው። "ደህና ነው፣ እንቅልፉም ጥሩ ነው" ብላ እሷ ትመልስለታለች፣ እሱም አንገቱን ይነቀንቃል። እናት ትጠየቅ፣ ለብቻዋ። ልጁም ለብቻው። የሚነግረን በሙሉ ለወላጅ እንደማይደርስ፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ዝም እንደማንል ሳይሞላ በፊት ይነገረው። ወረቀቱ ደግሞ ልጁ ከክፍሉ ሳይወጣ ይነበብ።

"አግኝተንስ ምን እናደርጋለን?" የሚሉ አሉ። ቢያንስ ለጭንቀት መልስ አለ። በአውሮፓውያኑ 2008 የታተመ ሙከራ 488 ልጆችና ታዳጊዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትሏል። ሐሳብንና ድርጊትን ቀስ በቀስ የሚያስተካክል የንግግር ሕክምና ካገኙት 60 በመቶ ያህሉ በጣም ተሻላቸው። ሰርትራሊን የሚባለው መድኃኒት ሲጨመርበት 81 በመቶ ገደማ ደረሰ። የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት የተሻላቸው 24 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

ሕክምናውን የሚሰጥ ሰው ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ከወረቀቱ በፊት እሱ ይቀጠር ባይ ነኝ። አንድ ባለሙያ በሳምንት አምስት ልጅ ብቻ ማየት ከቻለ፣ በዚያ ሳምንት የሚጠየቁት ልጆች ቁጥርም በዚያው ልክ ይሁን።