ማስተካከያ፦ ስለ ማስተር ሶርድ

ባለፈው ዜልዳ ስለሚባሉት የቪዲዮ ጌሞች ስጽፍ፣ ማስተር ሶርድ የተባለው ሰይፍ በ1986 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከመጀመሪያው ጌም ጀምሮ አለ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። እዚያ የጌሙ ጀግና ሊንክ የሚይዘው ሌሎች ሰይፎችን ነው። ማስተር ሶርድ የመጣው በ1991 ጃፓን ውስጥ በወጣው «ኤ ሊንክ ቱ ዘ ፓስት» ነው።

የባሰው ስህተት ግን ሌላ ነው። «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» በተባለው የዜልዳ ጌም ላይ ሰይፉን ከተተከለበት ለመንቀል 13 ልብ (የሊንክ ሕይወት መለኪያ) ያስፈልጋል፤ ይሄ ልክ ነው። ምግብ በልቶ የሚገኘው ቢጫ ልብም ይቆጠራል ማለቴ ግን ውሸት ሆነ። አይቆጠርም። ሊንክ ሰይፉን በጎተተ ቁጥር ልቡ እያለቀ ይሄዳል፤ 13 ልብ ሳይኖረው ካላቆማችሁት ይሞታል። እኔን አምናችሁ ስትሞክሩ የሞተባችሁ ካላችሁ፣ ይቅርታ!