እመለሳለሁ አልኩ እኮ!

«እውነቱን ንገሪኝና ልርዳሽ» አለኝ የባንኩ ኃላፊ። ቃል በቃል እንደዚህ ነው ያለኝ። ሰው ፊት፣ ከኋላዬ ስምንት ሰው ተሰልፎ።

ገና አሁን መውጣቴ ነው። ሱቄንም አልከፈትኩም። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ዛሬ ካልተነፈስኩት ሆዴ ውስጥ ያድራል። ሰማያዊውን ደብተር ታውቁታላችሁ፤ ዓለምን አንድ ዓመት ዞሬ ለመመለስ በጀቴን የምጽፍበትን። በየቡናው ላይ የማሳያችሁን። እሱን በብብቴ ይዤ ነው ባንክ የገባሁት።

የፈለግሁት ሁለት ነገር ብቻ ነው። የስድስት ወር ስቴትመንት፣ ማለት የሂሳቤ ዝርዝር፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ከዚያ ደግሞ ለጉዞ ዶላር ለመግዛት ምን እንደሚያስፈልግ ማወቅ። ብድር አልጠየቅኩም። ገንዘቡ የኔ ነው። ማርና ቡና ሸጬ ያጠራቀምኩት፣ ዕቁብ ሲደርሰኝም ሳልነካ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ነው።

መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ፓስፖርቴን ገለጥ ገለጥ አደረገው።

«የት ነው የምትሄጂው?»

«ብዙ አገር።»

«ዋናውን ንገሪኝ።»

«ዋና የለውም። አንድ ዓመት ዞሬ እመለሳለሁ።»

«ማን አለሽ?»

«የት?»

«እዚያ።»

እዚያ! ከናይሮቢ እስከ ሲንጋፖር ያለው ምድር ሁሉ ለሱ አንድ «እዚያ» ነው። ማንም የለኝም አልኩት። ዞር ብሎ ጓደኛውን ጠራ። «ና ስማ፣ ዓለምን ልትዞር ነው!» ተያይተው ሳቁ። ከኋላዬ ያሉት ሴትዮ ደግሞ እጄን ያዝ አድርገው «ምነው ልጄ፣ ባል የለሽም?» አሉኝ። በእሳቸው አልተቆጣሁም፤ ለኔ አዝነው ነው። ግን ወገቤ ተቆረጠ።

ከዚያ ኃላፊው ከውስጥ ወጣ። በጣም በደግ ድምፅ ነው ያናገረኝ። ያበሸቀኝም እሱ ነው። «የኔ እህት፣ እውነቱን ንገሪኝና ልርዳሽ። ካናዳ ነው አይደል?»

«ካናዳ እቅዴ ውስጥ የለም።»

«ግዴለም፣ እኔ አልፈርድብሽም። ብር ካለሽ ሂጂ። እዚያው ቅሪ።»

«እመለሳለሁ» አልኩት። «ሱቅ አለኝ። እናት አለችኝ። ቤቴ ጅማ ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለና ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ ሲስተም ጠፋ። «ከሰዓት ነይ።»

ዶላሩን ስጠይቅስ? ቪዛና ትኬት አምጪ አሉኝ። ኤምባሲው ደግሞ ቪዛ ከመስጠቱ በፊት ለጉዞው የሚበቃ ገንዘብ እንዳለኝ አሳዪ ይላል። የብር ስቴትመንት አሳያለሁ እንበል። ግን ብርን ማን ተማምኖ ያውቃል? በግንቦት 2016 በቀን 25 ዶላር ብዬ ነበር የበጀትኩት። በጣም ቁጥብ ሆኜ፣ ክፍል በጋራ የሚያዝበት ማረፊያ እያደርኩ፣ ከገበያ ገዝቼ እያበሰልኩ። ለ365 ቀን 9,125 ዶላር ይመጣል። ያኔ ዶላሩ በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለነበር 520,000 ብር ገደማ ነው። ትኬቱ ለብቻው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። ያው 25 ዶላር፣ ያው 365 ቀን፣ 912,500 ብር ሆነ። እኔ አንዲት ሳንቲም አላባከንኩም። ያን ማታ ደብተሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ እናቴ ሰው የሞተብኝ መስሏት በሩን አንኳኳች። በማግስቱ ጃፓንን ሰረዝኩ። ፔሩንም። ከዚያ ሁለት ዓመት እንደገና ሠራሁ።

ይሄ ሐሳብ ከየት መጣ ለሚለኝ ሰው ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ከጅሬን፣ እዚሁ ጅማ። እንግዳ ይዤ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ላሳይ ወጥቼ እዚያ አንድ የሆላንድ ልጅ አገኘሁ። ገና 19 ዓመቱ ነው። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ አንድ ዓመት ሊዞር ወጥቷል። ጋፕ ይር ይሉታል። እንጨቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በጀቱን ከስልኩ አሳየኝ። ለማደሪያ፣ ለምግብ፣ ለአውቶቡስ፣ ለመድን፣ ለድንገተኛ። የኛን አገር ቪዛ በስልኩ አመልክቶ በስልኩ ተቀብሎ ነው የመጣው። ማን አለህ ያለው የለም። ትመለሳለህ ወይ ያለው የለም። ብሩ ቢያልቅብህስ ስለው «ወደ ቤት እገባለኛ» አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ምንም ቅሬታ የለኝም። ቡናም አፈላሁለት። ግን የዚያን ቀን ማታ ነው ሰማያዊውን ደብተር የገዛሁት።

የሱ በጀት ላይ ቪዛ የሚለው አንድ መስመር ነበር። የኔ ላይ አራት ገጽ ነው።

ልንገራችሁ። የሸንገን ቪዛ፣ ብዙ የአውሮፓ አገሮችን በአንዴ የሚያስገባው፣ ማመልከቻው 90 ዩሮ ነው። ከለከሉሽም አይመለስም። ለአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ 185 ዶላር፤ እሱም አይመለስም። ከ2016 ሚያዝያ ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በኛ በኢትዮጵያውያን ላይ ደንቡን አጥብቋል። ለሌላው 15 ቀን የሆነው የመልስ ጊዜ ለኛ 45 ቀን ነው። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ለኛ ቀርቷል። ምክንያቱ መንግሥታት የሚጨቃጨቁበት የስደተኞች መመለስ ጉዳይ ነው። እኔ በገዛ እግሬ እመለሳለሁ እያልኩ፣ ሌላው አልተመለሰም ተብሎ እኔ 45 ቀን እጠብቃለሁ። ይሄን ሳነብ ጥርሴን ነክሼ ነው ያነበብኩት።

መውረድ እንኳ አልፈልግም ብትሉስ? ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ቀይሬ ልለፍ፣ ከኤርፖርቱ አልወጣም ብትሉ? ለዚያም ቪዛ አለው። የኤርፖርት መሸጋገሪያ ቪዛ ይሉታል። በመላው ሸንገን ይሄ ከሚጠየቅባቸው 12 አገሮች አንዷ የኛ ናት። ሁለት ሰዓት ወንበር ላይ ለመቀመጥ ፈቃድ!

ዓለም ዙሪያ የሚሉት ትኬትማ ሲያዩት ያምራል። የአየር መንገዶች ኅብረቶች የሚሸጡት ነው። በአንድ አቅጣጫ ትጓዣለሽ፣ ወይ ወደ ምሥራቅ ወይ ወደ ምዕራብ። አትላንቲክንም ፓስፊክንም መሻገር አለብሽ። በጀመርሽበት አገር ትጨርሻለሽ። እስከ አንድ ዓመት። የኛም አየር መንገድ ከ2011 ጀምሮ በፈረንጅ አቆጣጠር ከኅብረቶቹ አንዱ በሆነው ስታር አሊያንስ ውስጥ ስላለ፣ ከቦሌ ተነስቼ ቦሌ እመለሳለሁ ብዬ ስንት ሌሊት በካርታ አደርኩ። ችግሩ ግን ቪዛው ነው። ለሸንገን ከጉዞው ከስድስት ወር በላይ ቀድሞ ማመልከት አይቻልም። እኔ አውሮፓ የምደርሰው በዘጠነኛው ወር ነው። ታዲያ መንገድ ላይ እያለሁ የት ሆኜ ላመልክት? ኤምባሲዎች ባብዛኛው ከምትኖሪበት አገር አመልክቺ ነው የሚሉት። ከእስያ ተመልሼ አዲስ አበባ መጥቼ አሻራ ልስጥ? ታዲያ ዙሪያው ምኑ ላይ ዙሪያ ሆነ?

አዲስ አበባ ስል ሌላው ታወሰኝ። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማመልከቻው እዚያ ነው፤ አሻራው እዚያ ነው። ባለፈው ለቀጠሮ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ፣ አልጋ ይዤ አድሬ፣ ጠዋት መስኮቱ ጋ ስደርስ «ፎቶሽ መጠኑ ልክ አይደለም» ተባልኩ። ወጥቼ ሌላ ፎቶ ተነስቼ ስመለስ «ሰዓትሽ አልፏል» አሉኝ። ሌላ ቀጠሮ። ሌላ አልጋ። ሌላ አውቶቡስ። ይሄም በደብተሬ ላይ አለ፤ «ለመለመን» ብዬ የጻፍኩበት ገጽ ላይ። የዚያ ገጽ ድምር ናይሮቢ ሁለት ወር ያኖረኝ ነበር።

ናይሮቢን ደግሞ እወዳታለሁ ገና ሳላያት። ለምን? ኬንያ ያለ ቪዛ ታስገባናለች። ሩዋንዳም ለአፍሪካዊ ሁሉ ቪዛ አንስታለች። ሲንጋፖርም ያለ ቪዛ ነው፣ ማንም አያምነኝም እንጂ። ቢጫ ካርዴም አለ። የቢጫ ወባ ክትባት አንዴ ተወጋሁ፣ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ማን አለሽም ሳይሉ ማኅተሙን መቱልኝ። ነርሷ «በሰላም ግቢ» አለችኝ። እንዲህ ብላ የተናገረችኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ሂጂ ብቻ ሳይሆን ግቢ!

ቤተሰብም ያው ነው። አጎቴ «በዚህ ብር ባጃጅ ግዢ፣ ሾፌር ቅጠሪ፣ በየቀኑ ገቢ ታገቢያለሽ» ይላል። እሺ ጋሼ፣ ለገንዘቡ ካሰቡ ልክ ነዎት። ጎረቤታችን ግን ከሁሉ ባሰች። «ያ ረቢ! ይሄን ሁሉ ከስክሰሽ ሄደሽ፣ ደግሞ ልትመለሺ? ምን ነካሽ?» መሄዴ አልገረማትም። መመለሴ ነው እብደት የሆነባት! አገሩን ጥሎ መሄድ ጤነኝነት፣ አይቶ መመለስ በሽታ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ ቡና ጭኖ ሲሄድ ሲመጣ ነው የኖረው። ነጋዴ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ያየውን ያወራል። ይቺ ከተማም የቆመችው በዚህ ነው። በአባ ጅፋር ጊዜ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከየት ከየት ነጋዴ ይጎርፍበት ነበር። ሸጦ፣ ገዝቶ፣ አድሮ ይሄዳል፤ ደግሞ ይመጣል። እኔ ዛሬ የምሸጥበት ሱቅ ከዚያ ገበያ ብዙም አይርቅም። የኔ ቡና የሚቆላበትን፣ የሚፈላበትን፣ የሚጠጣበትን አገር ማየት እፈልጋለሁ። ማሩ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያወጣ፣ በምን ዕቃ እንደሚታሸግ ማየት እፈልጋለሁ። ባሕር ማየት እፈልጋለሁ። በ31 ዓመቴ ባሕር አላየሁም። ከዚያ መጥቼ ሱቄን መክፈት እፈልጋለሁ። ይሄ ለምንድነው የማይገባችሁ?

ደክሞኛል፣ እውነቴን ነው። ሌሊት ሲሆን አንዳንዴ አጎቴ ልክ ነው እላለሁ። ባጃጁን ልግዛና ይለይልኝ እላለሁ። ጠዋት ደብተሩን ስገልጠው ደግሞ አልችልም። ዙሪያውን ልተወው ትንሽ ቀርቶኛል። ምናልባት ኬንያ፣ ሩዋንዳ፣ ከዚያ ሲንጋፖር፣ ያለ ቪዛ እስከሚቻለው ድረስ። ፓስፊኩ ይቅር። አልቀረም ብላችሁ አትጻፉልኝ፤ ዛሬ ማባበል አልፈልግም።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ሲስተሙ መጥቶ እንደሆነ ልሂድ። ካናዳ ካለኝ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ አነብለታለሁ፤ ሰልፉ እስከ አዌቱ ወንዝ ቢደርስም ግድ የለኝም። የሻዩን ሂሳብ ስጠይቅ ደግሞ ዛሬ 5 ብር ጨምሯል።