ፀረ ደጋፊው ጋሼ

ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ በጠመኔ «አርሴናል ከቼልሲ 1:30» ተብሎ ከተጻፈ፣ የዚያን ሰፈር ባጃጅ ከ1:00 በኋላ ማግኘት ዘበት ነው። ሹፌሩ ውስጥ ነዋ!

ሮበርት ቻልዲኒ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ቡድናቸው ባሸነፈ ማግስት የዩኒቨርሲቲያቸውን ልብስ ለብሰው እንደሚውሉ አሳዩ። ሲያሸንፍ «አሸነፍን»፣ ሲሸነፍ «ተሸነፉ» ማለት ይቀናቸዋል። ሰውዬው ለዚህ ሰባት ዩኒቨርሲቲ ማዳረስ አልነበረባቸውም፤ እኛ ጋ በአንድ ምሽት የዲኤስቲቪ ቤት መግቢያ ያልቅላቸው ነበር። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ በገባበት ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ ጎሉን ያላገባ የጅማ ሰው አልነበረም። ነጥብ ሲጥል ግን «እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው?»

የሚዲያ ምሁሩ ጆናታን ግሬይ ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. ፀረ ደጋፊም ይጠና አሉ፤ የሚጠላ ሰውም ስለሚጠላው ነገር ጠንቅቆ ያውቃል ባይ ናቸው። የኛ ሰፈር ጋሼ ምስክር ናቸው። የሚከፍሉት ማንችስተር ዩናይትድ ሲሸነፍ ለማየት ብቻ ነው። ማን እንደተጎዳ፣ ማን ከአሰልጣኙ ጋር እንደተኳረፈ ስለሚያውቁ የዩናይትድ ደጋፊዎች ራሳቸው እሳቸውን ይጠይቃሉ።

«ጋሼ፣ አጥቂያችን ዛሬ ይሰለፋል?»

«ድኗል አሉ» ይላሉ፣ የለቅሶ ቤት ፊት ይዘው።

ቤት ውስጥም ያው ነው። ሆርተንና ዎል የተባሉ ምሁራን በ1956 እ.ኤ.አ. ተመልካች ቴሌቪዥን ላይ ከሚያየው ሰው ጋር የአንድ ወገን ወዳጅነት ይመሠርታል ብለው ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ቡና እየቆሉ የቱርክ ድራማውን ጎረምሳ «ተው ልጄ፣ ይቺ አትሆንህም» ሲሉት ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ሌላው የሚዲያ ምሁር ሄንሪ ጄንኪንስ በ1992 እ.ኤ.አ. አድናቂ የሰጡትን ዝም ብሎ አይውጥም፣ ከዚያው ወስዶ የራሱን ይሠራል ብለው የተከራከሩት ለእትዬ ጠበቃ የቆሙ ያህል ነው። መብራት ጠፍቶ ያመለጣቸውን ክፍል እትዬ ራሳቸው ጨርሰው ለቡና ጠጪው ተረኩት። ልጁ ሀብታሟን ትቶ ድሃዋን አገባ፤ አማትየውም እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች።

ድጋሚው ሲታይ ልጁ ሀብታሟን አግብቷል።

«አበላሹት!» አሉ እትዬ። ቡና ጠጪው በሙሉ ተስማማ።